የደከመ ድንጋይ ዘፈን

በዘፈን የተነሳ ከታክሲ ወርጄ አውቃለሁ። ከወሰን ወደ መገናኛ እየሄድን ሾፌሩ ልጅ ሆኜ ያደግኩበትን ዘፈን ከፈተ፤ አንድ ወጣት በአዲስ መልክ ሠርቶታል። ሁለተኛው ስንኝ ሳያልቅ ደሜ ፈላ። እኔ የማውቀው ዘፈን ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ ወፍራም ድምፅ ያለው፣ ከባድ ዘፈን ነው። ይሄኛው ሩጫ ነው። እንዲህ አጣድፎ ዘፈን መግደል ወንጀል ነው አልኩ፣ ለማንም ሳይሆን ለመስኮቱ። ሾፌሩ ሰምቶኝ ኖሮ ካልተመቸኝ መውረድ እንደምችል በትህትና ነገረኝ። ላምበረት ላይ ወረድኩና የቀረውን በእግሬ ሄድኩ። ጫማዬ ደግሞ አዲስ ነበር።

የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ቅዳሜ ጠዋት ግን ዘፋኝ ነኝ። አራት መምህራን ሆነን በትምህርት ቤታችን አንድ ባዶ ክፍል ውስጥ እንለማመዳለን። አለቃችን የጂኦግራፊ መምህሩ ነው፤ ኦርጋን ይጫወታል። የስፖርት መምህሩ ድራም ይመታል፣ ወጣቷ የእንግሊዝኛ መምህርት ታጅባለች። እኔ ደግሞ የፈለጋችሁትን ዘፋኝ መሆን እችላለሁ። ትንፋሽ የሚስብበትን ቦታ ሳይቀር አመጣዋለሁ። በባልደረቦቻችን ሰርግ ላይ እስቲ እገሌን ሁኚልን እየተባልኩ ስንት ዓመት ተጨብጭቦልኛል። አለቃችን «ፎቶ ኮፒ» የሚል ስም ያወጣልኝ ያን ጊዜ ነው። መጀመሪያ ምስጋና መስሎኝ ስቄ ነበር፤ እየቆየ ግን እንደ እሾህ ይወጋኝ ጀመር።

በዚያ ሰሞን ለዓመቱ መዝጊያ የመምህራን የሙዚቃ ዝግጅት ተጠራን። እያንዳንዱ ቡድን አንድ የቆየ ዘፈን በራሱ መንገድ ሠርቶ እንዲያቀርብ ተባለ። «በራሱ መንገድ» የምትለዋ በቀጥታ ለፎቶ ኮፒዋ የተነገረች መሰለችኝ። አለቃችንም አልሸሸገኝም። የራሴ የምለው ነገር ይዤ ካልመጣሁ የእንግሊዝኛ መምህርቷ እንደምትዘፍንና እኔ ከኋላ ሆኜ እንደማጅብ ነገረኝ። ቂም የለውም፣ ሰውየው ልክ ነበር። ልክ መሆኑ ነው ያናደደኝ።

ስለዚህ በሚቀጥለው ቅዳሜ የታክሲውን ንዴት እንደ ሐሳብ ይዤ ገባሁ። ያ ወጣት ያበላሸውን ዘፈን እናስተካክለው፣ ወደ ጥንቱ እርጋታ እንመልሰው አልኩ። አለቃችን ጥንቱም እንዲሁ ፈጣን እንደነበር ያስታውሳል። እኔ ደግሞ አንዴ ከተናገርኩ ወደኋላ የለም። ተወራረድን። የተሸነፈ እስከ ሰኔ ድረስ ኦርጋኑን ከበሩ እስከ ሦስተኛ ፎቅ ይሸከማል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

አለቃችን ስልኩን አወጣና ፈልጎ የመጀመሪያውን ከፈተ። ቀጥሎ የወጣቱን ከፈተ። የስፖርት መምህሩ በእግሩ እየመታ ቆጠረ። እኩል ናቸው። እንዲያውም የድሮው በትንሹ ይፈጥናል። የድሮው ዘፋኝ ድምፅ ቀጭን ነው፤ እኔ የማውቀው ሰውዬ ደረቱ ሰፊ፣ ድምፁ ወፍራም ነበር። ይሄ ሌላ ሰው ነው ብዬ ተከራከርኩ፤ አልነበረም። ሰርግ ላይ በዚህ ፍጥነት በሰማሁት ቁጥር ዲጄው ነው ያጣደፈው እያልኩ ነው ለካ የኖርኩት። የእንግሊዝኛ መምህርቷ በሳቅ ዴስክ ላይ ተቀመጠች።

«ፎቶ ኮፒያችን ኦሪጅናሉን አታውቀውም» አለ አለቃችን።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ኦርጋኑን ተሸክሜ ወረድኩ፤ እሱም ከኋላዬ ቻርጀሩን ይዞ፣ እንዳልወድቅ ደረጃውን እየቆጠረልኝ ወረደ።

እሁድ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ወሰን ውስጥ ፍሬን ሲሠራ የኖረ መካኒክ ነው፤ አሁን ጡረታ ወጥቷል፣ እጁ ግን አልወጣም። እኔና እህቴ ያደግነው ከጋራዡ ጀርባ ባለው ቤት ነው። ነገሩን ስነግረው ብዙ አላሰበም። ከብሎንና ጎሚኒ ከሚሉት የፍሬን ላስቲክ ጋር በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀመጠውን ካሴት አወጣ፤ ቴፑንም አራገፈና አዲስ ባትሪ አስገባ። ዘፈኑ ጀመረ። ቀስ ያለ፣ ወፍራም፣ የኔው ዘፈን ነበር። ሁለተኛው አዝማች ላይ ሲደርስ ካሴቱ ውስጥ እህቴ በልጅነት ድምፅዋ ታስነጥሳለች፣ እናቴም ከሩቅ «ዝም!» ትላለች። ያቺን ማስነጠስ ለዓመታት የዘፈኑ አካል አድርጌ ስሰማት ነው የኖርኩት። በአለቃችን ስልክ ላይም ሳላውቀው ጠብቄያት ነበር።

አባቴ እንዲህ ሲል አጫወተኝ። ዋናው ካሴት የጓደኛው ነበር። ጓደኛው የሰሜን መስመር ሾፌር ነው፤ በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ይወጣል፣ ስለዚህ ዘፈኑ በዚያው ቀን መቀዳት አለበት። መብራት ደግሞ ጠፍቷል። ሁለት ቴፕ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት አስቀመጡ፤ አንዱ ይዘፍናል፣ አንዱ ይቀዳል። ቤተሰቡ በሙሉ እንዳይተነፍስ ታዘዘ። የነበረው አዲስ ድንጋይ ለአንድ ቴፕ ብቻ የሚበቃ ነው፤ ያን ጊዜ ባትሪን ድንጋይ ነበር የምንለው። የደከመውን ድንጋይ አባቴ ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ አስመታው፣ እንደዚያ ሲደረግ ትንሽ ነፍስ ይዘራል። ግን ወዲያው ደመነ። እንግዲህ አዲሱን ድንጋይ ለየትኛው ቴፕ ይስጥ?

«ለሚቀዳው ሰጠሁት» አለ አባቴ። «ሥራ ያለበት እሱ ነዋ! የሚዘፍነው ምን ይደክመዋል ብዬ።»

የደከመው ዘፋኙ ነበር። በሞተ ድንጋይ እየተጎተተ ዘፈነ፤ ጤነኛው ቴፕ ደግሞ ጉተታውን አንድም ሳያስቀር ቀዳው። ሳቅኩ፤ ከዚያ አለቀስኩ። አባቴ ካሴቱን ያበላሸብኝ መስሎት ይቅርታ ሲጠይቀኝ የባሰ አለቀስኩ። ያን ዘፈን እኮ በዓለም ላይ የሰማነው አራት ሰዎች ብቻ ነን። ኦሪጅናሉ ሌላ ነው፣ የወጣቱም ያንኑ ኦሪጅናል ተከትሎ የተሠራ ነው። የኛ ግን ማንም ያልዘፈነው ዘፈን ነው። ይሄ ሐሳብ ሲመጣልኝ እንባዬን ጠርጌ ተነሳሁ።

በማግስቱ ትምህርት አልነበረም፤ ማለዳ ወደ እንጦጦ ወጣሁ። ሦስቱንም፣ ከአባቴ ካሴት የቀዳሁትን ጨምሮ፣ ስልኬ ላይ ጭኛለሁ፤ ደብተርም ይዣለሁ። የሒሳብ መምህር ነኝና ሠንጠረዥ ሠራሁ። ሯጮች በአጠገቤ ሽው ሲሉ እኔ ባሕር ዛፍ ተደግፌ አንዱን ዘፈን ከሌላው ጋር ሳስተያይ፣ እየዘጋሁ እየከፈትኩ፣ ፀሐይዋ ከፍ አለች። ወጣቱን የዘለፍኩትን ያህል አፈርኩ። ልጁ ታማኝ ነው፣ አሮጌው ዘፋኝ በስንኞች መካከል ጉሮሮውን የጠረገባትን እንኳ አልተዋትም። ለካ እሱም እንደኔ ፎቶ ኮፒ ነው፤ ወንድሜ ነው።

ልዩነቱን ያገኘሁት ግን ሠንጠረዡ ላይ አይደለም። አቀበቱን ስወጣ ትንፋሽ አጥሮኝ ቆምኩ፤ በዚያችው ቅጽበት ጆሮዬ ላይ የነበረው የኛ ቤቱ አዝማች ነው፦

በር ላይ ቆሜያለሁ፣ አልገባም አልሄድም፤
አንቺ ካልጠራሽኝ፣ እግሬ አይራመድም።

ይሄን ግጥም በሕይወቴ ሺህ ጊዜ ብዬዋለሁ። ያን ቀን ግን ሰማሁት። ሰውየው እግሬ አይራመድም እያለ ነው። ሰርግ ላይ ደግሞ ይሄንኑ እየሰማን ወለሉ እስኪሰነጠቅ እንጨፍራለን። በፈጣኑ ዘፈን ሰውየው እየቀለደ ነው፤ ሴትዮዋ ብትጠራውም ባትጠራውም ወደ ሌላ ቤት ሮጦ ይሄዳል። በቀስታው ግን እውነቱን ነው። በር ላይ ቆሟል፣ መግባት አልቻለም፣ መሄድም አልቻለም። እኔም አቀበቱ መሀል እንደዚያው ቆሜያለሁ። ጮኼ ዘፈንኩት። አንድ ሯጭ ዞር ብሎ አየኝና ፍጥነቱን ጨመረ።

ቅዳሜ ለቡድኑ ነገርኳቸው። አለቃችን ሰው ያስተኛል አለ። ዝም ብለህ ስማ አልኩትና ብቻዬን ዘፈንኩ። ማስነጠሱ ጋ ስደርስ ቆምኩ፤ አራት ምት ያህል ዝም አልኩ፤ ከዚያ ቀጠልኩ። ስጨርስ አለቃችን ወደ ኦርጋኑ ዞረ። እጁን ሰዶ የኦርጋኑን አውቶማቲክ ሪትም አጠፋው። አብረን ስንጫወት ያን ቁልፍ ሲያጠፋ አይቼው አላውቅም። ድራሙ ቀረ፣ አንዲት ረጅም ድምፅ ብቻ ከሥሬ አስቀመጠልኝ። እንደገና እንሂድ አለ።

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር፤ የባለቤቱ ፈቃድ። ያ ቀጭን ድምፅ ያለው ዘፋኝ ግጥሙንም ዜማውንም የሠራ ሰው ነው፤ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ እንጦጦ ሥር ይኖራል። ሽማግሌው ለወጣቱ ከፈቀዱ በኋላ ሌሎች ሁለት ሰዎች ጠይቀዋቸው እምቢ ብለዋል። እሳቸው እምቢ ካሉ ሌላ ዘፈን የለኝም፤ አጃቢነቴ ያኔ ቁርጥ ነው።

ከአለቃችን ጋር ሄድን። በሩን የከፈቱልን ትንሽዬ፣ ንቁ ሽማግሌ ናቸው። ተቀምጠን ሳንጨርስ አይሆንም አሉ። ለምን ብለን ስንጠይቅ ወጣቱን አነሱ፤ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ግን ጉሮሮ መጥረጌን ሳይቀር መለሰልኝ አሉና ሳቁ።

«የኔማ ቤቴ አለ» አሉ። «የኔኑ ይዛችሁልኝ ከመጣችሁ ምን ያደርግልኛል?»

ጋሼ፣ አንዴ ብቻ ይስሙኝና እምቢ ይበሉ ብዬ ለመንኩ። ቆመሽ ዝፈኚ አሉኝ። ቆምኩ። ያለ ኦርጋን፣ ያለ ምንም ዘፈንኩ። ማንንም አልመሰልኩም፤ የምመስለው ሰውም አልነበረኝም፣ ያ ወፍራም ድምፅ ያለው ሰውዬ ከደከመ ድንጋይ ውጪ ተፈጥሮ አያውቅም። እሳቸው ወለሉን ያያሉ። ዝም የምልባት ቦታ ስደርስ ቀና አሉ። ስጨርስ የጠየቁኝ ስለዚያች ነው።

«እዚህ ጋ ለምን ቆምሽ?»

«እህቴ እዚያ ጋ ታስነጥሳለች» አልኳቸው፤ የሁለቱን ቴፕና የድንጋዩን ነገር ሁሉ ዘረገፍኩላቸው።

ሳይስቁም ሳይቆጡም ሰሙኝ። በዚህ መሀል ባለቤታቸው ከጓሮ ጎመን እንደያዙ ገቡ፤ ስዘፍን በመስኮት ሰምተዋል። ያን ዘፈን ከባላቸው አፍ ዕድሜ ልካቸውን የሰሙ ሴት ናቸው።

«ይሄ ደግሞ የማን ዘፈን ነው? ደስ ሲል» አሉ።

ሽማግሌው ሚስታቸውን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ በጣታቸው ወደኔ ጠቆሙ።

«የሷ ነው» አሉ።

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። የፈቃዱን ወረቀት አለቃችን አውጥቶ አስፈረማቸው። ቁልቁለቱን ስንወርድ አንድ ነገር እንዲለኝ ጠበቅኩ፤ እሱ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ቀድሞኝ ሄደ። ታክሲ ተራው ጋ ስንደርስ ግን በስሜ ጠራኝ። ከዚያ ወዲህ በሌላ ስም ጠርቶኝ አያውቅም፣ ኦርጋኑን ግን እስከ ሰኔ እኔ ነኝ የተሸከምኩት።

በዝግጅቱ ቀን አዳራሹ ሙሉ ነበር። ከኛ በፊት የቀረቡት ሁሉ ሰውን ሲያስጨፍሩ ስለነበር ስወጣ ብዙዎች ገና ቆመዋል፣ ላባቸውን ይጠርጋሉ። ጀመርኩ። ዘፈኑን ያወቁት ለመጨፈር ትከሻቸውን አዘጋጁ፤ ትከሻው ግን የሚይዘው ምት አጣ። ቀስ በቀስ ሁሉም ባለበት ቀጥ አለ። አዝማቹ ላይ ስደርስ ከዚያ ሁሉ መምህር አንድም እግር አልተንቀሳቀሰም። ያቺ ዝምታ ጋ ስደርስም አዳራሹ አብሮኝ ዝም አለ፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ እህቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ ስትስቅ አየኋት። ጨርሼ ጭብጨባው ሲነሳ ቆሜ ጠጣሁት። አልዋሽም፣ የኔ ነበር፣ አንዷንም ጭብጨባ ለማንም አላካፈልኩም።

ከአባቴ በቀር። ከመድረክ ወርጄ ስደርስ ከጎኑ ለተቀመጡት የማያውቃቸው ሰውዬ ድምፁን ከፍ አድርጎ እያስረዳ ነበር።

«መጀመሪያ የተቀዳው እኔ ቤት ነው» ይላቸዋል። «ድንጋዩን የመረጥኩት እኔ ነኝ።»