የምን አገባው ቀለብ

ጋሽ ገብረ ዮሐንስ ላሊበላ ውስጥ ጫማ ጠባቂ ናቸው። ጎብኚውም ምእመኑም ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ጫማውን ደጃፉ ላይ ያወልቃል፤ እሳቸው ይደረድራሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ሲወጣም ለባለቤቱ ያቀርባሉ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጫማ ጠፋብኝ ያለ ሰው የለም። ፊትህን ቢረሱ እንኳ ሶልህ በየት በኩል እንዳለቀ አይረሱም።

ሌላው የሚታወቁበት ነገር አለመዋሸታቸው ነው። ይህ ጠባይ ከሩቅ ሲሰሙት ደስ ይላል፤ ጎረቤት ሆኖ ለሚኖር ሰው ግን ፈተና ነው። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሁሉም በየተራው ሟቹን ሲያመሰግን ተራው እሳቸው ዘንድ ደረሰ። «ደግ ሰው ነበር፤ እግሩ ግን ይሸት ነበር» አሉ። አልቃሾቹ ሳይቀሩ አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ፤ ቤተሰቡም እስከ ሙት ዓመቱ አኩርፏቸው ከረመ።

እኔ አስጎብኚ ነኝ። ይህን የማወራው ለሐሜት እንዳይመስላችሁ፤ የጥፋቱ ግማሽ የኔ ስለሆነ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በውሻቸው ነው። ውሻው ምን አገባው ይባላል። ስሙ የወጣው ግን ለውሻው ሳይሆን ለጎረቤታቸው ለአቶ ደሳለ ነው። በአገራችን ለጎረቤት ፊት ለፊት የማይባል ነገር በውሻ ስም ይባላል። ደሳለ ደግሞ የሰው ጉዳይ ከራሱ ጉዳይ በላይ የሚያሳስበው ሰው ነው፤ ጋሽ ገብረ ዮሐንስ አጥር ሲያጥሩ እንጨቱን እየቆጠረ አላስቀምጥ ቢላቸው፣ ቡችላ አመጡና በየማለዳው በአጥሩ ሥር «ምን አገባው፣ ና እስኪ» እያሉ ይጣሩ ጀመር።

ዘንድሮ ሁዳዴ ሲገባ ምን አገባው ጠጉሩ ረገፈ። ጎኑ ተላጠ፣ ጅራቱ የአይጥ ጅራት መሰለ። ጌታውን ተከትሎ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሲመጣ ጎብኚዎች ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። በጾሙ የመጀመሪያ ሳምንት ግን እኔ የማስጎበኛት አንዲት የውጭ አገር ሴት ፊቷን አላዞረችም። ለካ የእንስሳት ሐኪም ኖራለች። ቁጭ ብላ ቆዳውን አየች፣ ጥርሱን አየችና ምን እንደሚበላ ጠየቀች።

«ሽሮ በእንጀራ» አሉ ጋሽ ገብረ ዮሐንስ። «እኛ የምንበላውን።»

ሴትዮዋ ራሷን ያዘች። ከዚያ ብዙ ተናገረች፤ እኔም ተረጎምኩ። ውሻ ጥሬ ነው መብላት ያለበት፤ ጥሬ ሥጋ፣ ትንሽ ጉበት፣ ጥሬ እንቁላል፣ የተፈቀፈቀ ካሮት። አጥንትም ቢሆን ሳይቀቀል፤ የተቀቀለ አጥንት ይሰነጠቅና ጉሮሮ ይወጋል። ሁሉም በውሻው ክብደት ልክ ተመዝኖ። ይህን ሁሉ ያለችው እሷ ናት። አስጎብኚ መቼም ጨው ሳይጨምር አይተረጉምምና፣ «እዚህ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ያለውን ቀይ ቀበሮ አያዩም? ማን ያበስልለታል?» የሚለውን የጨመርኩት ግን እኔ ነኝ። ጋሽ ገብረ ዮሐንስ ከሐኪሟ ቃል ሁሉ ይህችን የኔን ቃል ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በማግስቱ ምን አገባውን ጆንያ ውስጥ ከተው ወፍጮ ቤት ወሰዱት፤ ሚዛን ያለው እዚያ ነው። ባለ ወፍጮው ጆንያውን ከሚዛን ላይ ሳያነሳ «ክክ ነው ዱቄት?» ብሎ ጠየቃቸው። ውሻው ከውስጥ መለሰለት።

አሁን ችግሩ ሥጋው ሆነ። በሁዳዴ የክርስቲያን ሥጋ ቤት ዝግ ነው። ክፍት የሆነው ከገበያው ዳር ያለው የሙሐዲን ሥጋ ቤት ብቻ ነው። በኛ አገር ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ለቅሶውም ሠርጉም አንድ ነው፤ ሥጋው ግን ለየብቻ ነው። አንዱ ያረደውን ሌላው አይቀምስም። ጋሽ ገብረ ዮሐንስ ግን አስበውበታል፤ ውሻ ጾምም ሃይማኖትም የለበትም። በጠራራ ፀሐይ ሄደው ሙሐዲን ፊት ቆሙ።

«ሥጋ፣ ትንሽ ጉበትም ጨምርበት። ለውሻ ነው።»

ሙሐዲን ጨዋ ሰው ነው። ወዲያና ወዲህ ተመለከተ፣ ሥጋውን በድርብ ጋዜጣ ጠቀለለ፣ በጥቁር ፌስታል ከተተና ዝቅ ባለ ድምፅ «አውቃለሁ ጋሼ፣ ለውሻ ነው። እኔ ምንም አላየሁም» አላቸው። ሰውን እንዲህ ያለ ደግነት ነው የሚያጠፋው።

ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ሥራ ከመግባታቸው በፊት ደጃቸው ላይ በርጩማ ስበው ይቀመጣሉ። ሥጋውን አሳንሰው ይቆራርጣሉ፣ ካሮቱን ይፈቀፍቃሉ፣ እንቁላሉን ከጎን ያስቀምጣሉ። ራሳቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አይቀምሱም። ሚስታቸው እትዬ አገሬ ራቅ ብለው አፍንጫቸውን ይዘው ያያሉ። «ልክ በስድስት ሰዓት ስጪው» ብለዋቸው ይሄዳሉ። ሲመለሱ ሳህኑ ተልሶ የጸዳ ነው።

ደግሞም ሠራ። በአራተኛው ሳምንት የምን አገባው ጠጉር ጥቁር ሆኖ በቀለ፣ አብረቀረቀ። ጋሽ ገብረ ዮሐንስን የሚችላቸው ጠፋ። ጫማውን ሊያወልቅ የጎነበሰውን ሁሉ «ቀይ ቀበሮ ሽሮ ሲሠራ ያየ አለ?» እያሉ ይይዙታል። ከአሸተን ማርያም የወረዱ አንድ መነኩሴ በትዕግሥት ሰምተዋቸው ሲያበቁ «ለኛስ ጥሬው ምን ይረባን ይሆን?» ቢሏቸው፣ «ለመነኩሴ አላጠናሁም» አሉ።

ደሳለ ግን ፌስታሉን አይቷል። ፌስታሉ የወጣበትን በርም አይቷል። ደብረ ዘይት ሳይደርስ አገሩ ሁሉ «ገብረ ዮሐንስ ሁዳዴን ገደፈ፣ ያውም በሙሐዲን ሥጋ» ይል ጀመር። ሰው ሙሐዲንን ሲጠይቀው፣ እሱም ምስጢር እንደሚጠብቅ ሰው ዓይኑን ሰብሮ «ለውሻ ነው ያሉት» ይል ነበር። ከዚያ በኋላ ማን ያምናል?

ወሬው ገነተ ማርያም ደረሰ። ይህ ነው ቤቱን ያናጋው። የጋሽ ገብረ ዮሐንስ አንድ ልጃቸው ሰርክአዲስ ለገነተ ማርያሙ ዲያቆን ለተክለ ሚካኤል ታጭታለች፤ ከፋሲካ በኋላ በቁርባን ሊጋቡ ነው። የሙሽራው አባት ቄስ ኢያቄም በእንዲህ ያለ ነገር ቀልድ አያውቁም። «ሥጋ መግደፍስ ንስሐ አለው፤ በጾም ሥጋ እየበሉ ለውሻ ነው የሚል ውሸታም ቤት ግን ልጄን አልድርም። ቅዳሜ መጥቼ በዓይኔ አያለሁ» ብለው ላኩ።

ሰርክአዲስ አልቅሳ አባቷን «አባዬ፣ ይህን ነገር ይተውልኝ፤ ወይ ውሻው ወይ እኔ» አለቻቸው።

«ውሻው በሽተኛ ነው፤ አንቺ ደኅና ነሽ» አሉ። እውነት ነበር፤ ግን ፊቷን ሲያዩ ደነገጡ። ያን ቀን ሥራ ላይ የአንድ ጀርመናዊን ጫማ ለካህን አቀረቡ። በሃያ ሁለት ዓመት የመጀመሪያው ነው።

ቅዳሜ ቄስ ኢያቄም ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ከገነተ ማርያም በእግራቸው ገሥግሠው መጡ። እኔ የሐኪሟን ቃል ልመሰክር ተጠርቻለሁ። ደሳለ ሳይጠራ መጥቷል። ቅዳሜ በመሆኑ ከቅዳሴ መልስ ሽሮና ምስር ቀረበ። ጋሽ ገብረ ዮሐንስ ንግግር አላበዙም። ሥጋውን፣ ጉበቱን፣ ካሮቱን በሳህን አድርገው ግቢው መሐል አኖሩና «እኔ ከምናገር እሱ ይብላ፤ እናንተም እዩ» አሉ። ከዚያ ውሻውን ጠሩ።

ምን አገባው መጣ። ሳህኑን አሸተተ፣ አስነጠሰው። ጌታውን ቀና ብሎ አየ፣ ሥጋውን በጎኑ አልፎ ወደ ማዕዱ ሄደና ከአንዱ ሽማግሌ እጅ ላይ ሽሮ የነካ እንጀራ ተቀብሎ ዋጠ። ጅራቱን እየቆላ ሌላ ጠየቀ።



«ውሻውማ ከሰውየው ይልቅ ጾመኛ ነው» አለ ደሳለ።

ቄስ ኢያቄም እጃቸውን ከማዕዱ አነሡ። «ገብረ ዮሐንስ፣ አምስት ሳምንት ሙሉ ሥጋ ገዝተሃል። ይህ ውሻ ካልበላው ማን በላው?»

«አላውቅም» አሉ ጋሽ ገብረ ዮሐንስ። እውነታቸውን ነበር፤ ግን በዕድሜዬ ይህን ያህል ውሸት የሚመስል እውነት ሰምቼ አላውቅም። ሰርክአዲስ ማጀቱ በር ላይ መቃኑን ይዛ ቆማለች።

ያን ጊዜ እትዬ አገሬ ነጠላቸውን አደግድገው መጡና ቄሱ እግር ሥር ወደቁ።

«አባቴ፣ አጥፊዋ እኔ ነኝ። የመጀመሪያ ቀን ሰጠሁት፤ አስመለሰው። እኔ ያንን የመሰለ ሥጋ ይዤ ቁጭ አልኩ። ከጓሯችን አጥር ማዶ ተከራይታ ልብስ የምትሰፋዋን ፈትሂያን ያውቋታል? ባሏ ለሥራ ጅቡቲ ከሄደ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። ልጆቿ በደረቅ ቂጣ ነው የሚውሉት። የሙሐዲን እርድ ለሷ ይሆናታል። ለኛ ጾም ነው፤ ውሻው አልፈልግም አለ። ታዲያ የት ልጣለው? በየቀኑ በአጥሩ ላይ አቀበልኳት። ጉበቱንም፣ እንቁላሉንም፣ ካሮቱንም። ከማን ነው ብትለኝ ጋሼ ልከውልሽ ነው አልኳት።»

«ውሻውስ?» አሉ ጋሽ ገብረ ዮሐንስ ቀስ ብለው።

«ሽሮውን ይበላል።»

«ጠጉሩስ?»

«ፈትሂያ የጥቁር አዝሙድ ዘይት ሰጥታኝ ማታ ማታ ስቀባው ነበር።»

ጋሽ ገብረ ዮሐንስ በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ሠርጉ ሊፈርስ ሲል ያልገረጣው ፊታቸው አሁን ገረጣ። «ዘይት ነው?» አሉ ለራሳቸው።

ቄስ ኢያቄም ግን በሚስት ምስክርነት ብቻ የሚረቱ ሰው አይደሉም፤ ፈትሂያን አስጠሩ። የልብስ መለኪያ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ሦስት ዓመት የሆነውን ልጇን ሂሻምን በእጇ ይዛ መጣች። ሽማግሌዎቹን ስታይ ደነገጠች።

«ልጄ፣ ከዚህ ቤት ሥጋ ይላክልሽ ነበር?» አሏት።

ነገሩን የገመተችው በሌላ መንገድ ነው። «አባባ፣ በሳቸው አይፍረዱባቸው። በጾማቸው ሥጋ የነኩት ለኛ ብለው ነው፤ ወላሂ እኔ ለምኛቸው አላውቅም። በየማለዳው ደጅ ተቀምጠው ሲቆራርጡ በአጥሩ አያቸዋለሁ። ሕፃን እንዳያንቀው ብለው እንዴት አድርገው እንደሚያደቁት ባዩ። ካሮቱን እንኳ ፈቅፍቀው ነው የሚልኩልኝ። ይኸው ሂሻም እግሩ ጸና። የሥጋ ዘመድ ያላደረገልኝን ነው ያደረጉልኝ፤ በየሶላቴ ዱዓ አደርግላቸዋለሁ።» ከዚያ ወደ ጋሽ ገብረ ዮሐንስ ዞረች። «እንዲያው ጋሼ፣ ምን አይተው ነው ይህን ያህል ያሰቡልን?»

ደሳለ አፉን ከፈተ። ቄስ ኢያቄም ወደሱ ሳያዩ የመቋሚያቸውን ጫፍ በእግሩ ጣት ላይ አሳረፉ፤ አፉን መልሶ ገጠመ።

ሁላችንም ጋሽ ገብረ ዮሐንስን አየን። ለቅሶ ቤት የማይምሩ ሰው ናቸው፤ አሁን «ለውሻ ነበር» ሊሉ ነው አልኩ። ቃሉ ጉሮሯቸው ድረስ ሲመጣ አየሁት። ሂሻም ደግሞ የእናቱን እጅ ለቆ፣ በሁለት እግሩ ቆሞ፣ አፉን ከፍቶ ያያቸዋል። ግንባራቸው ላብ አወጣ። ሁለት ጊዜ ጀምረው ተዉት።

«ለልጆቹ ብዬ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ከመጀመሪያውም ለልጆቹ ብዬ ነው።»

ፈትሂያ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። እኔ ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ፤ አፍሬም ደስ ብሎኝም ነበር። ቄስ ኢያቄም ልጁን ራሱን ዳበሱት፣ ጋቢያቸውን አጣፉና ሽማግሌዎቻቸውን አስከትለው ወጡ። ሰርክአዲስ መቃኑን እንደያዘች ቀረች።

ጋሽ ገብረ ዮሐንስ እስከ በሩ ሸኟቸው። እኔም ተከተልኩ። ውጭ ሲደርሱ አላስችል አላቸውና የቄሱን እጅ ያዙ።

«አባቴ፣ ዋሽቻለሁ። ለልጆቹ ብዬ አልነበረም። መኖራቸውንም ልብ ብዬ አላውቅም።»

«ስትዋሽ ሰምቼሃለሁ» አሉ ቄስ ኢያቄም መስቀላቸውን እያሳለሙ። «ልጄን የምሰጥህ ለዚያ ነው። ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ይሁን።»