ስምንቱን ሰባት ያልኩበት ሰሞን

አራስ ብቻዋን አትተውም ይባላል። እኔ በአራስነቴ ከመካኒሳ እስከ ሆስፒታሉ በየቀኑ ብቻዬን ተመላልሻለሁ፤ ግማሹን መንገድ በእግሬ፣ ግማሹን አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ። ልጄ ሆስፒታል፣ ማሞቂያ ሣጥን ውስጥ ነበር። ያለ ቀኑ የመጣ ወንድ ልጅ ነው፤ ሲወለድ አንድ ኪሎ ከስድስት መቶ ግራም መዘነ። ሁለት ኪሎ ሲሞላ ትወስጂዋለሽ ብለውኛል። እናቴ ከሞተች ቆይታለች፣ ባሌ ደግሞ ሰሜን፣ ጦር ግንባር ነው።

ባሌን የሸኘነው የመስቀል ማግስት ነበር። ቀበሌው ከበሮ አስመትቶ፣ ሊቀመንበሩ ረጅም ንግግር አድርጎ፣ ሴቶቹ በሶውን በከረጢት አሸክመው ነው ዘማቾቹን መኪና ላይ የሰቀሏቸው። ስለዚህ የሄደበትን ቀን በሰፈሩ የማያውቅ አልነበረም። ይህን አለማሰቤ ነው ኋላ ጉድ የሠራኝ።

ምጡ የያዘኝ የግንቦት ልደታ ካለፈች በሳምንቷ ነው። ስምንተኛ ወሬን ይዤ ነበር። እኛ ዘንድ ደግሞ የሰባት ወር ልጅ ያድጋል፣ የስምንት ወር ልጅ ግን አያድግም ይላሉ። ለምን እንደሆነ የሚያስረዳኝ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ስምንት ከሰባት እንደሚበልጥ መሠረተ ትምህርት የገባ ሁሉ ያውቃል፤ እዚህ ላይ ሲደርስ ግን የሚያስታውሰው የለም።

ከሆስፒታል ባዶ እጄን ስመለስ የግቢው ሴቶች ቧንቧው ጋ ተሰብስበው ነበር። እንኳን ማርያም ማረችሽ አሉኝ፣ ልጅ ሳትታቀፍ የገባች አራስ ሌላ ምን እንደምትባል ጨንቋቸው። ከዚያ አንዷ ስንት ወሩ ነው አለችኝ። ስምንት ብል ፊታቸው ላይ የሚመጣውን አውቀዋለሁ። ልጄ ገና እየተነፈሰ እነሱ በልባቸው ቀብረውት ይመለሳሉ።

“ሰባት ነው” አልኳቸው።

ደስ አላቸው። የሰባት ከሆነማ ያድጋል፣ አትስጊ አሉኝ። በማግስቱ ገንፎ አገነፉልኝ፤ ቅቤውን አልሰሰቱም። እኔም በላሁ። በውሸቴ አላፈርኩም፣ እንዲያውም ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል አንዷ በጣቷ የቆጠረችው። ልጁ የግንቦት ነው፤ ሰባት ወር ወደ ኋላ ሲሄዱ ጥቅምት ላይ ያርፋል። ባሌ የሄደው ግን የመስቀል ማግስት ነው። ሒሳቡን ለእኔ ያሳየኝ አልነበረም፤ ከገንፎው መቅረት ነው የተረዳሁት። ቧንቧው ጋ ስደርስ ወሬ ይቋረጣል፣ ባልዲያቸውን ሳይሞላ አንስተው ይሄዳሉ። ስምንት ነው፣ ዋሽቼ ነው ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ስሜን ለማንሳት ስምንት ብል ልጄን የምጥል መሰለኝ። የስምንት ወር ልጅ አያድግም በሚለው አላምንም እል ነበር፤ የማያምን ሰው ግን እንዲያ አይፈራም።

ከእኔ ጋር ግድግዳ የሚጋሩ አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ እማማ ነው የምላቸው። እሳቸው ከሴቶቹ ጋርም አልቆሙ፣ እኔንም አላነጋገሩ። አንድ ጠዋት ብቻ ስወጣ መንገድ ላይ አስቆሙኝና የነጠላዬ ጫፍ ላይ ምስማር ቋጠሩልኝ። አራስ ያለ ብረት አትወጣም አሉና ተመለሱ። በዚያ ሰሞን የነካኝ የሰፈር ሰው እጅ ያ ብቻ ነበር።

ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ጡቴን ኩባያ ላይ አልባለሁ፣ ነርሷ ወስዳ በቀጭን ቱቦ ትሰጠዋለች። እኔ በመስታወቱ አየዋለሁ። መጀመሪያ ቀነሰ፤ አንድ ኪሎ ተኩል ሆነ። ነርሷ ሁሉም ይቀንሳሉ አለችኝ፣ እኔ ግን ያን ቀን አውቶቡሱ ውስጥ ሰው እያየኝ አለቀስኩ። በሁለተኛው ሳምንት የተወለደበት ላይ ተመለሰ። ከዚያ በየቀኑ አሥር፣ ሃያ ግራም ጨመረ። የምነግረው ሰው ስለሌለኝ ወደ ቤት ስሄድ ቁጥሩን ለራሴ እደጋግመው ነበር። ለባሌ ወንድ ልጅ ተወልዶልሃል ብዬ ጽፌያለሁ፤ ወሩን አልጻፍኩም። መልስ አልመጣም።

አንድ ቀን መብራት ጠፋ። ነርሷ ሣጥኑ ሳይቀዘቅዝ ልጁን አወጣችና ቁልፍሽን ፍቺ አለችኝ፤ ራቁቱን ደረቴ ላይ አስተኝታ በቀሚሴም በጋቢም ሸፈነችን። ለመጀመሪያ ጊዜ ያቀፍኩት ያኔ ነው። አንድ ሰዓት ያህል ሳልነቃነቅ ተቀመጥኩ። መብራት መጣ ተብሎ በዕድሜዬ የተናደድኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሁለት ኪሎ የሞላው ሰኔ ሊያልቅ ሲል ነው። ጋቢ ውስጥ ጠቅልዬ፣ ጭቃውን እየመረጥኩ፣ ብቻዬን ይዤው ገባሁ። ሴቶቹ ቧንቧው ጋ ነበሩ። እንኳን ለዚህ አበቃሽ አለች አንዷ፣ ልጁን ሳታይ። እልል ያለ የለም። ቤቴ ገብቼ ከሰል አያያዝኩና ደጁን ገርበብ አድርጌ ተቀመጥኩ።

እማማ ሳያንኳኩ ገቡ። ጋቢውን ገልጠው ልጁን ረጅም ጊዜ አዩት።

“ስምንት ነበር፣ አይደል ልጄ?” አሉኝ።

ጋቢውን መልሼ አለበስኩት።

“እኔም የስምንት ወር ወልጄ ነበር። ስንት ወሩ ነው ሲሉኝ እውነቱን ተናገርኩ። አያድግም አሉና እሳት ዳር ያስጠጋው ሰው የለም። እኔም አላስጠጋሁትም።”

ይህን ብለው ደጃፉ ላይ ቆሙና እልል አሉ። ለወንድ ልጅ ሰባት ነው። ድምፃቸው ተሰነጣጥቋል፣ የተቀበላቸውም የለም፤ ብቻቸውን ሰባቱን ጨረሱ። ትንፋሻቸውን ሰብስበው ደግሞ አንድ ጨመሩ፣ ዝቅ አድርገው። ሴቶቹ አሮጊቷ ቁጥር የሳቱ መስሏቸው ሳቁ።

እማማ ተመልሰው ገቡ። ልጁን ከእጄ ተቀበሉና ምድጃው አጠገብ ተቀመጡ፤ እስኪመሽ ድረስ አልሰጡኝም።