የሸዋሮቢቱ ራውተርና የእትዬ ዘሃራ ደብተር

ከአዲስ አበባ የተነሳሁት ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ሸዋሮቢት ያለ አንድ ጤና ጣቢያ፣ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር የኢንተርኔት ራውተሩ ቅንብር ይጠፋል ብሎ ባለሙያ ጠይቆ፣ የተላክሁት እኔ ነበርሁ።

ጣርማበር ላይ ጉሙ መስኮቱን ሸፈነው። ደብረ ሲና በሃምሳ ብር ቆሎ ገዛሁ፤ ጣቶቼ ግን በብርድ ደንዝዘው ፍሬውን በቅጡ አልያዙልኝም። ከዚያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ወረደ። መጀመሪያ ጃኬቴን፣ ቀጥሎ ሹራቤን አወለቅሁ። ሙቀቱ እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ፤ የቀወትን ማሽላ ያየሁት በዓይኔ ይሁን በሕልሜ ዛሬም አልለየውም።

አምስት ሰዓት፣ ሸዋሮቢት

ባጃጁ ጤና ጣቢያው በር ላይ አወረደኝ። የተቀበሉኝ የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ እትዬ ዘሃራ ናቸው፤ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት። አንድ ባለሙያ በስልክ ያስጻፋቸውን ቅንብር ከደብተር እያዩ፣ መብራት በመጣ ቁጥር መስመር በመስመር የሚያስገቡት እሳቸው ነበሩ። ካላስገቡ የነፍሰ ጡሮች የአልትራሳውንድ ምስል ደብረ ብርሃን ላለው ሐኪም አይደርስም። ስለዚህ ከከተማው አይወጡም። በደሴ መንገድ ካራቆሬ ያለችው ልጃቸው ከወለደች አርባ ቀን ሊሞላት ነው፤ የልጅ ልጃቸውን ያዩት በስልክ ብቻ ነው።

ላፕቶፔን ከራውተሩ ጋር የሚያገናኘውን የኮንሶል ገመድ ስሰካ ስክሪኔ ላይ የተሰባበሩ ምልክቶች ተንጋጉ። እትዬ ዘሃራ ከኋላዬ ሆነው፣ "የገመዱ ፍጥነት በዝቶ ነው፤ ወደ ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ አውርደው" አሉኝ። አወረድሁት፤ ፊደሎቹ ተስተካከሉ። አፈርሁም፣ ደስም አለኝ።

ቅንብሩ ራውተሩ ውስጥ ሳይጎድል ተቀምጧል። ቀደም ሲል የተረሳ የይለፍ ቃል ሊቀይር የመጣ ሰው፣ መሣሪያው ሲነሳ የተቀመጠውን ቅንብር እንዳያነብ አዞት፣ ትእዛዙን ሳይመልስ ሄዷል። መድኃኒቱ አንድ ቁጥር መቀየር ብቻ ነበር፤ ቀየርሁት። ያን ሁሉ የደከሙት በአንድ ቁጥር ምክንያት መሆኑን ለእሳቸው መንገር ከበደኝ፤ ግን ነገርኋቸው። ደብተሩን ገለጡና፣ "እስቲ አጥፋውና እንየው" አሉ።

ነቀልሁት፤ መልሼ ሰካሁት። እስኪነሳ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ውጭ ርግቦች ያጉተመትማሉ፤ ከማንጎው ዛፍ ሥር የተቀመጡት ሴቶች ድምፅ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። መስመሮቹ በስክሪኑ ላይ ቀስ ብለው ይወርዳሉ። የእትዬ ዘሃራ ጣት የደብተሩ የመጀመሪያ መስመር ላይ ነው። ኋላ አንዲት ነርስ ከሚቀጥለው ክፍል የአልትራሳውንዱ ምስል ወደ ደብረ ብርሃን እንደሄደላት ተናገረች።

"መብራት ቢጠፋ ራሱ ይነሳል?" አሉኝ።

"ይነሳል።"

"እኔ ካራቆሬ ብሆንም?"

"ካራቆሬ ቢሆኑም።"

"አልሃምዱሊላህ" አሉና ደብተሩን ከደኑት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አስፋልቱ ዳር ተለያየን። እሳቸው በሚኒባስ ወደ ካራቆሬ ሄዱ፤ እኔ ወደ ጉሙ ወጣሁ።

አዲስ አበባ ገብቼ ሪፖርቴን በአንድ መስመር ጨረስሁ። ከዚያ ወዲህ ብልሽት ሲነገረኝ፣ እስካሁን ማን ተሸክሞት እንደቆየ አስቀድሜ እጠይቃለሁ። በሦስተኛው ቀን እትዬ ዘሃራ ደወሉልኝ። ሸዋሮቢት መብራት ጠፍቶ መጥቶ፣ ራውተሩም ራሱ ተነስቶ ነበር አሉ፤ የሰሙት ግን ዘግይተው ነው። መብራቱ ሲጠፋ እሳቸው ካራቆሬ የሕፃኑን ገላ እያጠቡ ነበር።