በስብሰባ መሃል ያጉረመረመው
በነገሩ ውስጥ ያለነው አራት ነን፦ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ ታደሰ፣ ጎረቤቴ እትዬ አረጋሽ፣ እኔና ሆዴ። በደርግ ዘመን ኮልፌ ስኖር፣ ክብደቴን ቀስ በቀስ እንድቀንስ፣ ሆኖም ምግብ እንዳልዘልና ረሃቡን በየመሃሉ በካሮት እንዳስታግስ ሐኪም አዞኝ ነበር። እሑድ ጠዋት ካሮቴን ከትፌ በቦርሳዬ ይዤ ስብሰባ ገባሁ። የጓድ ታደሰ ንግግር ምሳ ሰዓት አለፈ፤ ሊቀ መንበሩ እያዩኝ ማኘክ ግን ንቀት እንዳይመስልብኝ ፈራሁ።

ጓድ ታደሰ ትንፋሽ ለመውሰድ ዝም ሲሉ ሆዴ ጮኸ።

«ማነው የሚያጉረመርመው?» አሉ ፊታቸው ተለዋውጦ። በዚያን ጊዜ በስብሰባ ላይ ማጉረምረም ያሳስር ነበር። ሆዴ ግን ደገመው።

«አንቺ! ቅሬታ ካለሽ ተነሺና ተናገሪ!»

ተነሣሁ። «ጓድ ሊቀ መንበር፣ ሆዴ ነው።»

«በሆድሽ የያዝሽው ምንድን ነው?»

«ኧረ ምንም አልያዘች!» አሉ እትዬ አረጋሽ ከጎኔ። «ችግሩስ እሱ አይደል!»

ማንም ለመሳቅ አልደፈረም። በዚያ ዝምታ ውስጥ ከመድረኩ በኩል ከእኔ የበረታ ማጉረምረም ተሰማ። ጓድ ታደሰ ሆዳቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስብሰባ ከምሳ ሰዓት በፊት እንዲያበቃ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።