እግር ያለቀበት ሰዓት

እኔ ሞጣ ላይ ኤሌክትሮኒክስ አስተምር በነበረበት ዘመን አባቴ ብቸና ከአንድ ትምህርት ቤት ዘበኛም፣ ደወል ደዋይም ነበሩ። ደወሉ ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው። አባቴ በብረት ሲመቱት የከተማው ግማሽ ይሰማዋል፤ እሳቸውም ይህን ስለሚያውቁ ከሚያስፈልገው በላይ ይመቱታል።

ዓይናቸው መድከሙን ከሁላችንም ደብቀው ኖረዋል። እንዴት እንደደበቁት ስሰማ መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ቀጥሎ ሳቄ መጣ። የእጅ ሰዓታቸው አልታይ ሲላቸው የሚያልፈውን ተማሪ ይጠሩና «ና እስቲ፣ ሰዓት ማንበብ ትችላለህ?» ይሉታል። ልጁ እየተኩራራ ያነብላቸዋል። እሳቸውም «ጎበዝ!» ብለው ሄደው ይደውላሉ። አንድ ቀን ታዲያ የቤት ሥራውን ያልሠራ ተንኮለኛ ሃያ ደቂቃ ጨምሮ አነበበላቸውና መምህራኑ ጠመኔ እንደያዙ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ሜዳ ላይ ፈሰሰ። ርዕሰ መምህሩ ነገሩ ከተደገመ ጡረታ እንደሚያስወጧቸው ነገሯቸው።

ይህን ያወሩኝ ቅዳሜ ልጠይቃቸው ስመጣ ነው። «ከቤት ከዋልኩ እኮ ሰው አልሆንም» አሉኝ። አባቴ እንዲህ ያለ ነገር አይናገሩም። አንጀቴን በሉት።

«ከበሩ ቆመው የሚያነቡት ሰዓት እሠራልዎታለሁ» አልኳቸው።

አፌ ቀደመኝ። ቁጥር ማብራት ቀላል ይመስላል እንጂ አይደለም። እያንዳንዱ አኃዝ ከሰባት ሰረዝ ይሠራል፤ ሰባቱም ሲበሩ ስምንት ነው፣ የቀኝ ሁለቱ ብቻ ሲበሩ አንድ ነው። ሰዓት አራት አኃዝ ስለሚፈልግ ለሁሉም ሰረዝ ሃያ ስምንት ሽቦ ያስፈልጋል። በእጄ ያለችው ማይክሮኮንትሮለር፣ እኛ ቺፕ የምንላት ጥቁር ነገር፣ ለሥራ የምታውላቸው እግሮች አሥራ ሦስት ብቻ ናቸው።

«ምኗን ነው እግር የምትዪው?» አሉ አባቴ፣ ቺፗን መዳፋቸው ላይ አድርገው እየዳበሱ።

«ከጎኗ የወጡትን ብረቶች።»

«እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ሲባል እሰማ ነበር። ይቺ ቀድማዋለች።»

መላው ተራ ነው። ሰባቱ እግሮች የአራቱንም አኃዞች ሰረዞች በጋራ ይይዛሉ። አራቱ እግሮች ደግሞ አሁን የማን ተራ እንደሆነ ይወስናሉ። አንዱ አኃዝ ሲበራ ሦስቱ ጨለማ ናቸው፤ ወዲያው ሌላው ይረከባል። ዙሩ ከፈጠነ ዓይን ይታለልና አራቱም ባንዴ የበሩ ይመስለዋል። የቀሩት ሁለት እግሮች ጊዜውን ከምትቆጥረው ሌላ ትንሽ ቺፕ ጋር ይነጋገራሉ። አለቀ፤ ትርፍ የሚባል የለም።

ቀያዮቹን መብራቶች ከባሕር ዳር በሚኒባስ አስመጣሁ፤ ኮምፔርሳቶ በስቼ ደረደርኳቸው፤ ስታኞ አቅልጬ በየድኳቸው። የአባቴ ግቢ ውስጥ መጀመሪያ ያበራሁት ዕለት የተራው ገመድ ተነካክቶ ኖሮ አራቱም አኃዞች ባንድነት ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት አሉ።

«ሦስት ሺህ ሦስት መቶ ሠላሳ ሦስት ሰዓት» አሉ አባቴ ኮስተር ብለው። «እንግዲህ ዛሬ አርፍጃለሁ።»

እኔ ሲከፋኝ ቀልድ አይገባኝም። ኩርፍ ብዬ ሞጣ ተመለስኩ። በሌላው ቅዳሜ ይዤው ስመጣ ደግሞ ዙሩ ዘግይቶ ቁጥሮቹ እንደ ፌንጣ ይዘሉ ጀመር። ፕሮግራሙን ሳፈጥነው ረጋ አሉ። አባቴ ራቅ ብለው ቆመው አንድም ሳይሳሳቱ አነበቡት። ደስታዬን ምን ብዬ ልንገራችሁ! አንዱ ብቻ በተራ እንደሚበራ ሳስረዳቸው ትንሽ አሰቡ። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው ሳይጨርሱ የወጡ ሰው ናቸው፤ አመሉ ግን አልለቀቃቸውም።

«በተራ የሚያበራ፣ ተራ አይደለም» አሉ። ጉድለቴን ሁሉ ይቅር ያሉኝ መሰለኝ።

አልጨረስንም ነበር። ትንሿ ቺፕ የምትቆጥረው እንደ ፈረንጅ ስለሆነ ስድስት እየቀነስኩ ወደኛ ሰዓት እመልሰው ነበር። በማግስቱ በጠዋቱ አባቴ ቀሰቀሱኝ። ሰዓቱ ለአሥራ ሁለት ተኩል 00፡30 ይላል።

«እነዚህ ፊተኞቹ ክቦች ምንድን ናቸው?»

«ዜሮ።»

«የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም። እግዜር ያነጋውን ቀን በባዶ ትጀምሪዋለሽ?»

«ሒሳቡ ነው አባዬ፣ ስድስት ከስድስት ሲቀነስ...»

«ሒሳቡን ለሒሳብ አስተማሪ ንገሪው። እኔ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ነው በር የምከፍተው።»

ዜሮ ሲመጣ አሥራ ሁለት እንዲጽፍ አደረግሁት። ሁለት ሰዓትን 02 ማለቱንም አልወደዱትም፤ ፊተኛዋ ዜሮ እንድትጠፋ አደረግሁ። አሁን ሳስበው ሰዓቱ ያማረበት በሳቸው ጭቅጭቅ ነው።

በትምህርት ቤቱ ከዘበኛ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቀልነው። መብራት ሲጠፋ የሞተር ሳይክል ባትሪ ይረከባል። ከዚያ ወዲህ ደወሉ ውልፍት አላለም፤ አባቴም ተማሪ ጠርተው ማስነበብ ተዉ።

አንድ ቀን ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ሰዓቱን ላይ ብመጣ ርዕሰ መምህሩም መጡ። እዚያው ትምህርት ቤት በአባቴ ደወል እየገቡ እየወጡ ያደጉ፣ ደግ ሰው ናቸው። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቀዩን ቁጥር ሲመለከቱ ቆዩ።

«ግሩም ነው» አሉኝ። «ታዲያ ለምን ከኤሌክትሪክ ደወል ጋር አታገናኚውም? ሰዓቱ ሲደርስ ራሱ ይደውል ነበር።»

ክው አልኩ። አባቴን ላቆይበት የሠራሁት ነገር አባቴን ሊያስወጣ ነው። ይህን እንዴት ቀድሜ አላሰብኩም?

«እግር የለውም» አልኩ፣ ድምፄ ከፍ ብሎ።

«ምን?»

«እግሩ አልቋል። ደወል የሚያያዝበት ትርፍ እግር የለውም።» እውነቴን ነው። መላ ቢፈለግ አይጠፋም ነበር፤ እኔ ግን ልፈልግ አልፈለግሁም።

ርዕሰ መምህሩ ሌላ ነገር ሊጠይቁኝ አፋቸውን ሲከፍቱ አባቴ ከአግዳሚው ተነሱ። የደወሉን ብረት አነሱ።

«ልክ ናት» አሉ። «ዓይኑ እሱ ነው፤ እግሩ እኔ ነኝ።»

ያን ያህል ጊዜ የደበቁትን ነገር ባለቃቸው ፊት ተናገሩት። መሬት መሬት አየሁ። ርዕሰ መምህሩ የጎጃም ልጅ ናቸው፤ ሰሙም ወርቁም አላመለጣቸውም። የአባቴን ዓይኖች ትክ ብለው አዩ። ከዚያ ቀና ብለው ቁጥሩን አዩት፤ አራት ሰዓት ከሩብ፣ የእረፍት ሰዓት ነበር።

«ደርሷል፣ አባባ» አሉ። «የእርስዎ ተራ ነው።»

አባቴ ብረታቸውን ይዘው በለመዱት መንገድ ወደ ቸርኬው ሄዱ፤ ከሚያስፈልገውም በላይ ደወሉት።