ልጅ ይታጠብበታል

አባቴ በያጅ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ከእሳት ጋር ሲታገል መዳፉ እንደ ጫማ ሶል ደርቆ፣ የጋለ ድስት ያለ ጨርቅ ያወርድ ነበር። «አያቃጥልህም?» ስንለው «ምኑ?» ይላል። እውነቱን ነው፣ አይሰማውም።

ቤት ውስጥ ቢራ የሚጠምቀው ከእናቴ ጋር ነው። ዕቃቸው ዕቃ ከተባለ አንድ ድስት፣ አንድ የማርማላታ ጠርሙስና አንድ ሆደ ሰፊ ደምበጃን ነበር። ቴርሞሜትር የሚባል ነገር ቤታችን ገብቶ አያውቅም፤ ቴርሞሜትራችን የእናቴ የእጅ አንጓ ነው። የፈላው የብቅል ውሃ ሲበርድ አንጓዋን ነከር ታደርግና፣ ገና ከሆነ «ቆይ»፣ ከደረሰ «ልጅ ይታጠብበታል» ትላለች። አባቴ እርሾዋ ላይ የሚገለብጠው ያን ጊዜ ብቻ ነው። እኔም በሕፃንነቴ ይኸው ቃል ተብሎልኝ ታጥቤያለሁ፤ ከእርሾዋ ጋር እህትማማች ነን ማለት ነው።

እርሾዋ ከተጋቡ ጀምሮ አብራቸው ኖራለች። በየጠመቃው ከታች ከሚዘቅጠው ነጭ ትንሽ ያስቀሩና በማርማላታው ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ ያኖሯታል። እናቴ ስትታመም ግን ጠመቃው ቀረ፤ እርሾዋም የፍሪጁ ጥግ ላይ ተረሳች።

ሐኪሙ «ከእንግዲህ ቤቷ ትረፍ» ብሎ ሲመልሳት ነገሩ ሁላችንም ገብቶናል። አባቴ ምን እንደሚያምራት ጠየቃት።

«የራሳችንን ቢራ። አንድ ብርጭቆ።»

ጠርሙሷን ሲያወጣ ነጩ ጠቁሯል። እንዲህ የደከመች እርሾ ድስት ሙሉ ብቅል ላይ ቢጥሏት አትችለውም፤ እንደ በሽተኛ በትንሽ በትንሹ ነው የምትመገበው። መጀመሪያ አንድ ስኒ፣ ስትነቃ አንድ ጠርሙስ፣ ስትበረታ ደምበጃን ሙሉ። አየር እንድታገኝ ደግሞ በአጠገቧ ያለፈ ሁሉ ነቅነቅ ያደርጋታል። እናቴን ሊጠይቅ የመጣ ጎረቤት ሳይቀር እርሾ ነቅንቆ ነበር የሚገባው።

በየመመገቢያዋ አባቴ ድስቱን እስከ እናቴ አልጋ ይሸከማል። አንጓዋን አጥቦ ያስነክራታል።

«ቆይ አልኩህ እኮ፣ ሰውዬ! ልትቀቅላት ነው?»

እሱ ይስቃል። እኔ ግን እናደድ ነበር። ሰው ሊሞት፣ ስለ እርሾ ይጨነቃሉ! በኋላ ነው እንደዚያ ሆነው ብቻ ማውራት እንደሚችሉ የገባኝ።

የደምበጃኑ ተራ በደረሰ ቀን እናቴ ስታቃስት አርፍዳ ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ ወሰዳት። እኔ መድኃኒት ቤት ነበርኩ። ስመለስ አባቴ ያለችውን እርሾ ሁሉ ደምበጃኑ ውስጥ ጨምሮ፣ ውሃውን ገልብጦ፣ አፉን በፎይል እየሸፈነ ነው።

«እማዬ ለካችው?»

«መቀስቀስ አሳዘነችኝ። በእጄ ሞከርኩት፣ በርዷል።»

ደምበጃኑን ነካሁት። እጄን መንጭቄ አነሳሁ።

በማግስቱ አረፋ የለም፣ ድምፅ የለም። አባቴ የወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጦ መዳፉን እያየ አለቀሰ። ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር። «እባክሽ ልጄ፣ እንዳትነግሪያት» አለኝ።

ወዲያው እናቴ ከመኝታ ቤት ተጣራች። «ተነሳች?»

«ተነስታለች!» አላት አባቴ፣ ፊቱን እየጠረገ።

«እስቲ አምጣልኝ፣ ልስማት።»

እርሾዋ ስትሠራ የምታሰማውን ፍሽፍሽታ ጆሮዋን ለጥፋ ማዳመጥ ከድሮም ትወድ ነበር። አባቴ ደምበጃኑን አልጋው ጠርዝ ላይ ደግፎ ያዘላት። ጆሮዋን ለጠፈች። ብዙ ቆየች።

«ውይ! እንዴት ትንጫጫለች!» አለች።

አባቴ ደምበጃኑን እንደ ሕፃን አቅፎ ወጣ። እናቴ የሹራቤን እጅጌ ሳብ አደረገችኝ።

«ቀቅሏታል፣ አይደል?»

አባቴ የወጣበትን በር ዞሬ አየሁ።

«እንዳትነግሪው» አለችኝ። «እንደሰማኋት ይወቅ።»

በዚያው ሳምንት አረፈች። አባቴ ዛሬም ወሬው በተነሳ ቁጥር ያንኑ ይላል፦ «ባትቀምሰውም፣ ተነስታለች ብላ ደስ ብሏት ነው የሄደችው። አይደል ልጄ?»

«አዎ፣ አባዬ» እለዋለሁ።