ሁለት ለባዶ እየመራን

እኛ የከሰል ቆፋሪዎች ከተማ ታታባንያ፣ «የሃምሳ አራቱን የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ በርን ከተማ ስታዲየም ገብቼ አይቻለሁ» የሚሉት ሽማግሌዎች ቢደመሩ ስዊዘርላንድ ትሰምጣለች። አንድ ባርኔጣ የማያወልቁ ሰውዬ ግን በሬዲዮ ብቻ እንደሰሙት አይደብቁም። በየዓመቱ ቢራ ቤታችን የዚያ ጨዋታ አሮጌ ፊልም ሲታይ ይመጣሉ፤ ብሔራዊ ቡድናችን ሁለተኛውን ጎል ሲያገባ ብድግ ብለው ይሄዳሉ።

ዘንድሮ አሳላፊው ጌዛ አላስችለው አለ። «አባባ፣ ጀርመኖቹ እስኪያሸንፉን ቢቆዩ ምናለ? አብረን እናልቅስ እንጂ!»

«ወንድሜ ሁለት ለባዶ እየመራን ለሥራ ወደ ከሰል ጉድጓዱ ወረደ፤ ጉድጓዱ ተናደበት። አሸንፈናል እንዳለ ነው የሞተው። እኔም ከሱ በላይ ማየት አልፈልግም።»

ባርኔጣቸውን አወለቁና፣ ቆፋሪዎች ሲወርዱ እንደሚባባሉት «መልካም ዕድል» ብለው ወጡ።

ጌዛ ቴሌቪዥኑን አጠፋው። ማንም አልተቆጣውም።